ሲሙሌተሩ ያልሰማው ጩኸት

ሲሙሌተር መሬት ሳይለቅ የሚበር አውሮፕላን ነው። በሰማይ ሊሞከር የማይደፈረው ብልሽት ሁሉ እዚያ ይሞከራል፤ ሞተር ይጠፋል፣ መሪ ይከዳል፣ ሰው ግን አይሞትም። መሐንዲሶችም አንድ ክፍል ቢበላሽ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚመረምሩት በዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት፣ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ያለፈ ሲመስለው፣ አብራሪው ሳያዘው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ ነበር። የሚያምነውም አንድ መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነበር። ሥርዓቱ ያለ ቦታው ቢነሣ አብራሪዎች ምን እንደሚያደርጉ ኩባንያው በሲሙሌተር ፈትኗል። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ መለኪያው ሲሳሳት አብረው የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎች፣ የመሪው መንቀጥቀጥና የፍጥነትና የከፍታ አመልካቾች አለመስማማት፣ በፈተናው አልተካተቱም። ብልሽቱ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀረበ። ብልሽት ግን ብቻውን መምጣት መቼ ያውቅና!

ከዚህ የሚብሰውን የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ አደረገ። በ2012 የኩባንያው አንድ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ውስጥ ያልታዘዘውን ኤምካስ ለመመከት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት፣ ሁኔታውን አውዳሚ ሆኖ አግኝቶት ነበር። ማሽኑ ተናግሮ ሰሚ አጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች አለቁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሣ። ወዲያው የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ነበር። የዋና አብራሪው መሪ ተንቀጠቀጠ፤ ኤምካስም አፍንጫውን ደፈቀ። አብራሪዎቹ የጭራውን ማረጋጊያ ከሚያንቀሳቅሰው ሞተር የኤሌክትሪክ ኃይሉን ቆርጠው በእጅ ለማስተካከል ቢሞክሩ ረዳት አብራሪው እንደማይሠራ ተናገረ። ፍጥነቱ እጅግ ጨምሮ ነበር፤ የሞተሩ ኃይል አለመቀነሱ መርማሪዎችን አከራክሯል። 157 ሰዎች የያዘው አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ።

በዚያው ወር አየር መንገዱ፣ የማክስ ሲሙሌተሮች የኤምካስን ችግር ለማሳየት እንዳልተሠሩ ገለጸ። ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ ቦይንግ የሲሙሌተሮቹ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማስመሰል ይሳነው እንደነበር አምኖ እርማት አደረገ። ከነዚህም አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት የማረጋጊያውን መዘውር በእጅ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል፦ አብራሪዎቹ ይህንኑ ጭንቅ አስቀድመው ቢለማመዱት እንኳ፣ መዘውሩ በሰማይ ምን ያህል እንደሚከብድ ማሽኑ ባላስተማራቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 አሜሪካ ማክስ እንዲበር ስትፈቅድ፣ አብራሪዎች አስቀድመው በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ አስገደደች። በሥልጠናው ውስጥ በመነሻ ላይ የሚሳሳተው መለኪያና በእጅ የሚዞረው መዘውር ይገኙበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ነው።