የጓዱ መሪ

በ1950ዎቹ አጋማሽ በሐረር ጦር አካዳሚ እጩ መኮንን ነበርኩ። የሚያሠለጥኑን የሕንድ መኮንኖች ነበሩ፤ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በሶማሊያ ድንበር የተደረገው ውጊያ ወሬ ገና ትኩስ ስለነበር ስንመረቅ ብዙዎቻችን ወደ ኦጋዴን እንደምንወርድ እንጠብቅ ነበር።

ስለ ጦር ትምህርት ቤት ሲወራ ሰልፉ፣ የተወለወለው ጫማና የማለዳው ሩጫ ይነሳል። ሰውን ገልጦ የሚያሳየው ግን የአዛዥነት ተራ ነበር። በየሜዳ ልምምዱ ከመካከላችን አንዱ የጓድ መሪ ይሆናል፤ ዛሬ ያዘዝከው ነገ ያዝዝሃል። ከአንድ ሳህን የሚበላ እኩያን ማዘዝ ከባድ ነው። ጩኸት አይሠራም፤ ልመናም አይሠራም።

በክፍል ውስጥ የሚስተካከለው ያልነበረ አንድ ጓደኛችን ተራው የደረሰው በኤረር ሸለቆ በተደረገ የሌሊት ጉዞ ነው። ካርታና ኮምፓስ አነባበቡ እንከን አልነበረበትም። በእሾሁና በቁልቋሉ መሐል እየመራ ከሰዓቱ በፊት አደረሰን። አሠልጣኙ ሻምበል አላመሰገነውም። «የመጨረሻው ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። መሪያችን ዞሮ በጨለማው ውስጥ ቆጠረ። አንድ ሰው ጎድሏል። መትረየስ የተሸከመው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ሻምበሉ አልተቆጣም፤ ቅጣትም አልሰጠም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጉዞዎች ሁሉ ግን ያንን ጎበዝ ከሰልፉ ጭራ አደረገው። ከፊት ያለው እርምጃ ትንሽ ሲጨምር ኋላ ያለው መሮጥ እንዳለበት፣ ውኃ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ፣ ደከመኝ ማለት ማን እንደሚያፍር እዚያ ሆኖ አየ።

እንደገና ጓድ ሲመራ ሁላችንንም ይዞን ደረሰ፤ ግን ዘገየ። ነጥብ ተቀነሰበት። ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሳ፤ ብዙዎች ተበደለ አሉ። እኔ ያኔም ዛሬም አልተበደለም ባይ ነኝ። ሰዓቱን ጠብቆ ያልደረሰ ጓድ ሌላ ቦታ የሚጠብቀውን ወገን ያስመታል፤ ርኅራኄ ለብቻው መኮንን አያደርግም። የአሠልጣኞቻችን ትልቅነት ሁለቱንም መጠየቃቸው፣ የወደቀውንም እንደገና መሞከራቸው ነበር።

ቀጥሎ ተራው ሲደርሰው ከመነሳታችን በፊት የእያንዳንዳችንን ሸክም በእጁ እያነሳ መዘነ። የመትረየሱን ጥይት ለሦስት አከፋፈለ። ቀርፋፋውን ልጅ ከራሱ ቀጥሎ አሰለፈውና እርምጃውን በእርሱ ለካ፤ ጠንካራውን ከኋላ አደረገ። ማንም ሳይጎድል ሰዓቱ ሳያልፍ ደረስን። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም የጓድ መሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ሸክም መመዘን ጀመሩ።