የማርሻል ፊልድ የጅምላ መደብር፦ 43 ዓመት የኖረው የቺካጎ የድንጋይ ሕንጻ

የማርሻል ፊልድ የጅምላ መደብር በቺካጎ፣ በአዳምስ፣ በዌልስ፣ በኩዊንሲና በፍራንክሊን ጎዳናዎች መካከል አንድ ሙሉ ብሎክ ይዞ ይቆም የነበረ ባለ ሰባት ፎቅ የንግድ ሕንጻ ነው። ንድፉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ በ1887 ለንግድ ተከፈተ፤ በ1930 ፈረሰ። ዕድሜው አጭር ቢሆንም፣ ከሱ ብዙ የኖሩ ሕንጻዎች በአሜሪካ የሥነ ሕንጻ ታሪክ ውስጥ ያላገኙትን ስፍራ አግኝቷል።

ባለቤቱ ማርሻል ፊልድ በ1834 ማሳቹሴትስ ገጠር የተወለደ፣ በወጣትነቱ ቺካጎ ገብቶ በሱቅ ሠራተኛነት የጀመረ ሰው ነው። ስሙ የሚነሳው በስቴት ጎዳና ከነበረው ዘመናይ የችርቻሮ መደብር ጋር ነው፤ ዋናው ገቢ ግን ከጅምላው ይመጣ ነበር። ቺካጎ የባቡር መስመሮች መገናኛ ስለነበረች የገጠር ከተማ ባለሱቆች በባቡር ይመጡና ጨርቁን፣ ክሩን፣ ካልሲውን፣ ምንጣፉን በጥቅልና በደርዘን አስጭነው ይመለሱ ነበር። መርካቶ ወርዶ ለክፍለ ሀገር ሱቁ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ነገሩ አይጠፋውም። መደብሩ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ስለሆነ መንገደኛ የሚስብ ጌጥ አላስፈለገውም።

ድንጋዩን ያስመረጠው ሌላው ነገር እሳት ሳይሆን አይቀርም። በጥቅምት 1871 ቺካጎ ስትቃጠል 300 ያህል ሰዎች ሞተው 100,000 ያህሉ ቤት አልባ ሆኑ። የፊልድ መደብርም አብሮ ወደመ፤ በ1877 ደግሞ ሌላ ቃጠሎ ደረሰበት። ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ነጋዴ ወፍራም ግድግዳ ቢወድ አይፈረድበትም።

ንድፉን የሠራው ሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን ነው። ሉዊዚያና ተወልዶ ፓሪስ የተማረ ሲሆን፣ በቦስተኑ የትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ዝናን አትርፎ ነበር። ይህን ሕንጻ ግን አልቆ አላየውም። በሚያዝያ 1886 በኩላሊት ሕመም በ47 ዓመቱ ሞተና ሥራውን ረዳቶቹ የነበሩት ሼፕሊ፣ ሩታንና ኩሊጅ ጨረሱት።

ሕንጻው 99 ሜትር ያህል ርዝመትና 58 ሜትር ያህል ወርድ ነበረው። ከሥር ቀይ ግራናይት፣ ከላዩ ቀይ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ሳይለሰልስ፣ ሻካራነቱ እንዳለ ተገንብቷል። የዘመኑ ነጋዴዎች የሕንጻቸውን ፊት በሐውልት፣ በዓምድና በማማ ሲያጨናንቁ፣ እዚህ ውበቱ የመጣው ከመስኮቶቹ አደራደር ብቻ ነው። ከመሠረቱ በላይ ያሉትን ሦስት ፎቆች ሰፋፊ ቅስቶች አንድ ላይ ያቅፏቸዋል። ከነሱ በላይ ሁለት ፎቅ የሚያቅፉ ጠበብ ያሉ ቅስቶች በእጥፍ ቁጥር ይደረደራሉ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ከነዚያም የጠበቡ ባለ አራት ማዕዘን መስኮቶች ይመጣሉ። ዓይን ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ክብደቱ እየቀለለ ይሄዳል። የድንጋዩ ግድግዳ በእውነት ሸክም የሚሸከም እንጂ ልባስ አልነበረም፤ ውስጡ ግን በብረት ምሰሶና በእንጨት የተሠራ ነበር።

ከዚህ ሕንጻ ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የቀሰመው አርክቴክቱ ሉዊስ ሳሊቫን ነው። ከዳንክማር አድለር ጋር የነደፈው የኦዲቶሪየም ሕንጻ በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ጌጥ የበዛበት ነበር፤ የፊልድ መደብር ከታየ በኋላ ግን ፊቱ ተራቁቶ በትላልቅ ቅስቶች ተተካ። የሚያስገርመው፣ በዚያው በአዳምስ ጎዳና ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በ1885 የዊሊያም ለ ባሮን ጄኒ የሆም ኢንሹራንስ ሕንጻ መቆሙ ነው። እሱ ክብደቱን በአብዛኛው በብረት አጽም ላይ አሳርፎ ለሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች መንገድ ከፈተ። የሪቻርድሰን ሥራ በቴክኒክ ወደኋላ የቀረ ነበር፤ በንድፍ ግን ከጎረቤቱ እጅግ ይበልጣል።

መደብሩ የፈረሰው አርጅቶ አይደለም። በ1920ዎቹ መኪና የገጠሩን ሸማች ከተማ ያደርሰው ጀመር፤ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብሮችም በቀጥታ ከፋብሪካ ይገዙ ስለነበር በመሀል ያለው ጅምላ ሻጭ ተጎዳ። ኩባንያው መፍትሔ ያለውን መርቸንዳይዝ ማርትን በወንዙ ዳር ገነባ፤ 372,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በ1930 ሲከፈት በዓለም ትልቁ ሕንጻ ነበር። የጅምላው ሥራ ወደዚያ ሲዛወር አሮጌው መደብር ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። የሆም ኢንሹራንስ ሕንጻም በ1931 ፈረሰ። ኩባንያው ማርቱን ራሱን በ1945 ለጆሴፍ ኬኔዲ፣ ለኋለኛው ፕሬዚዳንት አባት፣ ሸጠው።

በቺካጎ የሚኖር አንባቢ የሪቻርድሰንን እጅ ማየት ከፈለገ፣ በዚያው ዘመን የነደፈው የግሌስነር ቤት ፕሬሪ ጎዳና ላይ ሙዚየም ሆኖ ይገኛል።