ጮሌ ላይ ቤት ሲሸጥ

አርሲ ውስጥ፣ ጮሌ ላይ አዲስ ቤት ሊሸጥ ነው ሲባል ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው "ካርታ አለው ወይ?" ብሎ ነው። አለው ከተባለ ወሬው ይቀጥላል። "በውል ብቻ ነው" ከተባለ ግን ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ሻዩን ጨርሶ ይሄዳል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። በወረቀት የሚሸጠው ግድግዳውና ጣሪያው ነው። ያም ሆኖ አንዱ ቤት አስፋልት ዳር፣ አምሳያው ጭቃ መንገድ ውስጥ ገብቶ ቢሠራ ዋጋቸው የሚራራቀው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ወደዚህ ደጋ የመጣሁት ቤት የሚገዛ መምህር ወዳጄን ተከትዬ ነው። ከአሰላ ጀምሮ መንገዱ ገብስና ስንዴ ነው፤ ብርዱ ከመኪናው ስንወርድ ተቀበለን። ደላላው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይጠብቀን ነበር።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከላዩ የሲሚንቶ ልስን፣ ወለሉ ሊሾ። ወዳጄ የመስኮቱን ጥግ በጣቱ ሲያንኳኳ ልስኑ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ ሲሚንቶ ተለስኖበታል፤ ከውስጥ እየተላቀቀ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ይረግፋል። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የቋሚዎቹን ግርጌ አየ። ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት በደንብ ተቀብተዋል። ጣሪያው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ነው፤ ብዙ ሠሪ ዛሬ የሚመርጠው ርካሹን ስሱን ባለ 35 ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሻጩ ሽማግሌ በረንዳው ላይ አስቀመጡን። "1 ሚሊዮን 500 ሺህ" አሉ። ወዳጄ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ አለ። ደላላው ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ "ያለቀው በ800 ሺህ ነው፤ እጥፍ ሊያተርፉባችሁ ነው" አለን። እኔም ለጊዜው እውነት መስሎኝ ነበር።

"ኦቦ፣ ትንሽ ይቀንሱልን እንጂ" አለ ወዳጄ።

"ልጄ፣ ቤቱ የእኔ አይደለም። ካርታው በስሜ ነው እንጂ ያሠራችው ልጄ ናት፤ ጅዳ ነው ያለችው" አሉና ስልኩን አውጥተው በኢሞ ደወሉላት።

በአርሲ ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ልጆች ዓረብ አገር ሄደው፣ በሰው ቤት ሠርተው የላኩት ገንዘብ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኗል። ዋጋው ሲቆረጥ ግን ባለገንዘቧ አብዛኛውን ጊዜ የለችበትም፤ እነዚህ አባት ስለደወሉ አከበርኳቸው። ልጅቱ ሰላምታዋን እንደጨረሰች ስሌቷን ነገረችን። ስትልክ 1 የሳዑዲ ርያል 15 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከ35 ብር አልፏል። ስለዚህ ያ 800 ሺህ ብር ለእሷ ከ52 ሺህ ርያል በላይ ነው፤ አባቷ የጠሩት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ሲመነዘር ግን 43 ሺህ አይሞላም። ደላላው እጥፍ ትርፍ ያለው ቤት በደከመችበት ገንዘብ ሲቆጠር ኪሳራ ነው። ወዳጄ ይህን ከሰማ በኋላ ዋጋ የጠራበት ድምፅ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተው መሐል ገቡ፣ 1 ሚሊዮን 380 ሺህ ላይ ተቆረጠ። የተላቀቀውን ልስን አባት ከክረምት በፊት አስፍቀው ሊያስለስኑ ተስማሙ።

ትልቁ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደላላው "ውሉ ላይ 500 ሺህ ብለን እንጻፍ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሻጭ ቤት ሸጦ ካገኘው ጥቅም 15 ከመቶ ግብር አለበት፣ ስም ሲዛወር ደግሞ 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ነገ ሽያጩ ቢፈርስ ወዳጄ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው 500 ሺህ የሚል ወረቀት ነው፤ የቀረውን በምን ያስረዳል? ልጅቱም ብትሆን በውል ያልሰፈረውን ከማንም ልትጠይቅ አትችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ መመዝገብ አለበት የሚለው እኮ እንዲህ ያለውን ጣጣ ለማስቀረት ነው። ከግብር በሚተርፈው ብር ዋስትናን መሸጥ እብደት ነው አልኩ፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው። ደላላው ተቆጣ። ልጅቱ ግን በስልክ "አባዬ፣ እውነተኛው ይጻፍ" አለች።

ቀብዱ 150 ሺህ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሕጉን አሳምረው ያውቁት ነበር፦ ቀብድ ሰጪ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባይ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህ አንቀጽ 1885 ነው፤ እሳቸው በቁጥሩ አይጠሩትም እንጂ ቃሉን አላዛነፉም።

ቀሪው ገንዘብ ስሙ በተዛወረ ዕለት፣ በልጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ በረቂቁ ላይ ሰፈረ። ዋጋው በአኃዝም በፊደልም ተጻፈ፤ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈረሙ፣ ውሉን ለማስጸደቅም ቀን ተቆረጠ። ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን በየ2 ከመቶው ጠየቀ፤ ወዳጄ 1 ከመቶ ይበቃሃል ብሎት እዚያው በረንዳ ላይ ሌላ ድርድር ተጀመረ።