ከፍታን በፍጥነት መመንዘር

ሻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ


በአየር ላይ ውጊያ የተዋጊ አብራሪ ዋና ሀብቱ ሁለት ነው፤ ከፍታና ፍጥነት። መገልበጡም፣ መሽከርከሩም፣ ሽቅብ መምዘግዘጉም አንዱን በሌላው ለመመንዘር ነው። ይህን በቅርብ ለማየት ሻንቲሊ ጥሩ ቦታ ነው። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በሚያርፍበት በደለስ ኤርፖርት አጠገብ፣ በ2003 የተከፈተ የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርንጫፍ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መግቢያው ላይ አብራሪዋ ቤቲ ስኬልተን በአየር ትርኢት ሻምፒዮን የሆነችባት ቀይና ነጭ ፒትስ ስፔሻል አውሮፕላን ሆዷን ወደ ጣሪያው አዙራ ተሰቅላለች።

በአውሮፕላን ሙሉ ክብ ሽቅብ የዞረው የመጀመሪያው ሰው ሩሲያዊው ፒዮትር ኔስቴሮቭ ነው፤ በ1913፣ ኪየቭ ላይ። የመንግሥት ንብረት ለአደጋ አጋልጧል ተብሎ እስር ተፈርዶበት ነበር፤ ኋላ ግን ማዕረግ ጨመሩለት።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ክቡ ለሁለት ተከፈለ። በጀርመናዊው ማክስ ኢመልማን ስም የሚጠራው ዘዴ ሽቅብ የሚወጣው ግማሽ ነው፤ አብራሪው ፍጥነት ሰብስቦ አፍንጫውን ሽቅብ ይስባል፤ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ሲደርስ አውሮፕላኑን ያቃናል። ከፍ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ፊቱን ወደ መጣበት አዙሯል። (ኢመልማን ራሱ ሲዋጋ ያደርገው የነበረው ከዚህ ይለያል፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።) ተቃራኒው ስፕሊት ኤስ ይባላል፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ ቁልቁል ግማሽ ክብ። ከፍታ ይከፈላል፣ ፍጥነት ይገኛል። መሬቱ ቅርብ ከሆነ ግን መመለሻ የለውም።

ከሁሉም ረቂቁ ሃይ ዮዮ የሚሉት ነው። ፈጥኖ የሚመጣ አሳዳጅ፣ ታዳኙ በድንገት አጥብቆ ሲታጠፍ አልፎት ይሄድና ራሱ ታዳኝ ይሆናል። በእኩል ጂ (ሰውነት በመታጠፊያው ላይ ከተለመደው ክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካበት) ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመታጠፊያው ክብ አራት እጥፍ ይሰፋልና። ስለዚህ ብልህ አሳዳጅ ዝም ብሎ አይከተልም፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ፍጥነቱ ወደ ከፍታ ይለወጣል፣ ክቡም ይጠብባል። ከዚያ ከላይ ወርዶ ከጠላቱ ጅራት ኋላ ይገባል። ላይ ያስቀመጠው ከፍታ ሲወርድ መልሶ ፍጥነት ይሆንለታል።

የሚበልጥን አውሮፕላን በመተባበር መቋቋምም ይቻላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ጆን ታች የጃፓኑ ዜሮ አውሮፕላን ከራሱ ዋይልድካት ይልቅ በተሻለ እንደሚታጠፍ ሲረዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት እንጨት እየደረደረ መላ ፈለገ። ሁለት ጓዶች ጎን ለጎን ይበራሉ፤ አንዱ ሲጠቃ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ አሳዳጁ አንዱን ሲከተል ከሌላው መትረየስ ፊት ይመጣል። ዘዴው በ1942 በሚድዌይ ውጊያ ላይ ሠራ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በሰውነት ነው። በ9 ጂ ሲታጠፉ 5 ኪሎ ጭንቅላት 45 ኪሎ ይከብዳል። ደም ከአንጎል ወደ እግር ይሸሻል፤ መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ቀጥሎ ዓይን ይጨልማል፣ ከዚያ ራስ መሳት ነው። አብራሪው እግሩንና ሆዱን በአየር ግፊት የሚጨብጥ ልብስ የሚለብሰውም ለዚህ ነው።

የሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ የኮሪያ ጦርነት ባላንጣዎች፣ የአሜሪካው ሴበርና የሶቪየቱ ሚግ-15፣ ይገኛሉ። ሚጉ የተሻለ ከፍታ ይወጣ ነበር፤ ሴበሩ ግን ጉልላት የመሰለው መስተዋቱ ዙሪያውን ያሳያል፣ መሪውም በሃይድሮሊክ ይታገዛል። አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ቦይድ ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው ፈጥኖ መሸጋገር የሴበሩ ብልጫ መሆኑን አስተዋለ። በ1960ዎቹም ከቶማስ ክሪስቲ ጋር የአውሮፕላንን ጉልበት በቀመር አስቀመጠ።

እንዲህ ያለ ግጥሚያ በእኛም ሰማይ ታይቷል፤ በ1977 የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ ከሶማሊያ ሚግ-21 ጋር ገጥሞ የበላይነት አገኘ። በፍጥነት ሚጉ በግልጽ ይበልጣል፤ ሁለት ማክ ይደርሳል። ኤፍ-5 ግን ቀላል ነው፣ ድምፅን ሳያልፍ በሚደረግ ግጥሚያ ጥሩ ይታጠፋል። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ኤፍ-5ኢን በሚግ-21 ምትክ ለውጊያ ልምምድ ይጠቀምበት ስለነበር ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ የኢትዮጵያውያኑን የበላይነት ያመጣው ከማሽኑ ይልቅ ሥልጠናቸው ነው ማለት ያስኬዳል። ከእነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ በዚያው ጦርነት ተመትተው ወድቀው፣ ሶማሊያ ውስጥ ለዓመታት ታስረው፣ በ1988 ወደ አገራቸው ተመለሱ።