የሶሪቶች ምርጫ በነገሌ ቦረና

ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የሩስፖሊ ሶሪት በነገሌ ቦረና አካባቢ ይኖራል፤ ስሙ የተወሰደው በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ከገደለው ጣሊያናዊ ተጓዥ ነው። ዘመዱ ባለ ነጭ ጉንጩ ሶሪት ደጋውን ይዟል። የሁለቱም ክንፍ ቀይ ነው፤ የሩስፖሊው ቁንጮ ግን ነጣ ያለ፣ የዘመዱ ጠቆር ያለ ነው። ይህ ልዩነት አዲስ ዝርያን የሚያጸናው ወፎቹ ራሳቸው ሲመርጡበት ነው፤ በሚገናኙበት ስፍራ ድቅል መታየቱ አጥሩ ክፍተት እንዳለው ያመለክታል።

ስለ ተጓዳኝ ምርጫ ሲጻፍ ጣዎስ ይጠቀሳል። የሶሪት ወንዱና ሴቷ ግን አንድ መልክ አላቸውና መራጯ ሴቷ ብቻ ናት ብሎ መነሣት ያሳስታል። ቁጥሩ ያነሰ ወገን የራሱን ተጓዳኝ ሲያጣ የሌላውን መቀበሉ በብዙ እንስሳት የታወቀ ስለሆነ፣ አደጋው ለሩስፖሊው ይከብዳል። ድቅሎችን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ማን ከማን ጋር ጎጆ እንደሠራ፣ ያን ጊዜም የራሱ ወገን በአቅራቢያው ይገኝ እንደነበር መመዝገብ ይገባል።