የፕላዝማ ዘመን ልጆች

እኛ 9ኛ ክፍል የገባነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ፕላዝማ የምንለው የትምህርት ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቁልፍ ያለው ሳጥን ቆሟል፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ መምህሩ ቁልፉን ከጋዋኑ ኪስ አውጥቶ ይከፍተዋል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ ሁሉም ከዚያ ሳጥን ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ስለሆነ የአዲስ አበባውም፣ የጅማውም፣ የእኛ የደብረ ታቦሩም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ይከታተላል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ቀለም ሲለወጥ በዓይኔ ያየሁት በፕላዝማ ነው፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከአቧራ ሌላ ብዙ ነገር ስላልነበረ ይህን ውለታ አልክድም።

ነገር ግን ፕላዝማ አይጠየቅም። እኛ የገጠር ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ተምረን ነው የመጣነው። እዚህ ስንደርስ አንዲት ፈገግተኛ መምህርት ከስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች። ጥያቄ ታቀርብና ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ለክፍሉ መምህር የተተዉለት መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ማብራራት ሲጀምር ይደወላል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ጠመኔውን አንስቶ ቀስ ብሎ፣ አማርኛም እየቀላቀለ ያስተምረናል፤ በእነዚያ ቀኖች የያዝኩት ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል።

አሁን ሳስበው ለእኔ ዓይነቷ ልጅ ፕላዝማ ክፉኛ ይመች ነበር። ከጉና ተራራ ሥር ካለ መንደር ነው የመጣሁት። እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት አንገቷን የምትደፋ፣ ሲጠሯት ብቻ «አቤት» የምትል ልጅ ጨዋ ትባላለች። እኔም ጨዋ ነበርኩ። ሳጥኑ ጠያቂ አይፈልግም፣ እኔም መጠየቅ አልለመድኩም። ማንም ሳይነካኝ፣ አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣ አራቱን ዓመት ልጨርሰው እችል ነበር።

ያላስጨረሰኝ የተከራየናት ክፍል ናት።

ሦስት ነበርን፤ ከተለያየ ቀበሌ የመጣን፣ ምዝገባ ሰልፍ ላይ የተዋወቅን። የጭቃ ቤት ነው፣ አንድ መስኮት፣ አንድ መደብ። ደብረ ታቦር ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ ሌሊት ሦስታችን በአንድ ጋቢ ነበር የምንተኛው። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ በእግራችን ወደየቤታችን እንጓዛለን፤ እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን አዝለን እንመለሳለን። በቀርበታና በማዳበሪያ ከረጢት የሚመጣው ሁልጊዜ ያው ነው፦ ጥቂት ትኩስ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንዳንዴ ድንች። ትኩሱ እንጀራ ከማክሰኞ አያልፍም፤ ሻጋታው ሳይቀድመን እሱን ቶሎ በልተን የቀረውን ሳምንት በድርቆሽ እንገፋለን። ድርቆሹን በሞቀ ውኃ አርሶ በርበሬና ጨው ነስንሶ መብላት ነው። ዘይት የገባበት ቀን እንደ ዓውደ ዓመት ይቆጠራል። እናቴ ከረጢቱን ስታስር ከአፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሽንብራ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ መንገድ ላይ እንድቆረጥም። ለራሷ ምን እንደተረፋት ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

ክፍሏ መብራት አልነበራትም። ነጭ ጋዝ በጠርሙስ እየገዛን በኩራዝ ነው የምናጠናው። ጋዝ ደግሞ ያልቃል፣ ብር የለም፤ ስለዚህ ሦስታችን ለየብቻ ሦስት ትምህርት የምናነብበት ሌሊት አልነበረንም። አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሁለቱ እንሰማለን፤ ያልገባት «እዚህ ላይ ቁሚ» ትላለች። መጀመሪያ ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ከበደኝ። ከሦስታችን በሒሳብ የምትበልጠን ከፋርጣ ወረዳ የመጣችው ልጅ ናት፤ ብዕሯን አስቀምጣ ትክ ብላ ታየኝና «ገባኝ ካልሽ እስቲ አስረጂኝ» ትለኛለች። ማስረዳት አልችልም። እንደገና እንጀምራለን። በኬሚስትሪ ሞል የሚባለውን ነገር የተረዳሁት በዚህ ዓይነት ነው። እህል ከከረጢቱ ዘግና መደቡ ላይ ዘረገፈችና «ደርዘን ስትይ 12 ማለትሽ አይደል? ሞልም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ስለሆነ ነው የሚያስፈራሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ፣ ከፕላዝማው መዘጋት በኋላ በቀሩት ደቂቃዎች፣ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መምህሩ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። መለሰልኝ ግን።

የ10ኛ ክፍል ጥር፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ጥምቀትን ቤቷ ልታከብር የሄደችው የሒሳብ ጓደኛችን ሳትመለስ ቀረች። ሰኞ አልመጣችም፣ ማክሰኞም። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ማንም ሳይነግረን ገባን። ደብተሮቿ መደቡ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል፤ እኛም በሴቶች ክበብ ይህንኑ እየሰማን ነው ያደግነው። ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ጓደኛ ብሎ ሰው ፊት መቆም ግን ሌላ ነው።

ክበቡን የምትመራው የባዮሎጂ መምህርታችን ነበረች። መምህራን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ወዲያው ወደ ፖሊስ ትሮጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «አባቷ ገበያ ይወጣሉ?» አለችኝ። ይወጣሉ፣ ድንች ይሸጣሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሦስታችን፣ እሷና እኔ ከሌላዋ ጓደኛችን ጋር፣ ድንች ተራ ሄደን ከረጢታቸው አጠገብ ቆምን።

መምህርቷ ስለ ሕግ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሰላምታ አቀረበች፣ ስለ ውርጩ ጠየቀች፣ ድንች መዘነች፣ ከፈለች። ከዚያ «አባቴ፣ ልጅዎ በአንደኛው መንፈቅ ስንተኛ እንደወጣች ነግራዎታለች?» አለቻቸው። አላወቁም። ሦስተኛ መውጣቷን ስትነግራቸው ከስንት ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ክፍላችን ውስጥ ከ80 በላይ ነበርን። ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኛ ዞሩ፤ «እናንተ ናችሁ አብራችኋት የምታድሩት?» ሲሉ መምህርቷ እንድመልስ በዓይኗ ጠቆመችኝ። አንገቴን መድፋት አማረኝ፤ የለመድኩት እሱን ነው። ቀና ብዬ «አዎ አባባ። ሒሳቡን የምታስረዳን እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች ማንን እንጠይቅ?» አልኳቸው። የመለሱልኝ ነገር የለም። ስንሄድ ግን ከኋላችን ጠርተው መምህርቷን «ፈተናው መቼ ነው?» አሏት።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ጓደኛችን ተመለሰች። በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ ቤተሰቡ ነገሩን እስከ ፋሲካ አቆይቶት ነው። እኛም ያገኘነውን ቀን ሁሉ ተጠቀምንበት። ያመለጣትን ትምህርት ለሁለት ተካፍለን ሳይንሱን እኔ፣ እንግሊዝኛና ሲቪክሱን ሌላዋ ማታ ማታ አስጠናናት። «ገባኝ ካልሽ አስረጂኝ» የማለት ተራው የእኔ ሆነ። ሳስተምራት ነው የማላውቀውን ያወቅሁት፤ ያልመለስኩላትን በማግስቱ መምህራንን አሳድጄ እጠይቃለሁ። ማንም «ይቺ ልጅ አፏ ተከፈተ» ቢለኝ ግድ አልነበረኝም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ አባቷ «ተፈትና ትምጣ» ብለው መለሷቸው፤ ተፈተነች።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ያኔ የሕይወት መንታ መንገድ ነበር። ያለፈ ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ፣ ወይም መንደሩ። ያ ያመለጣት ጊዜ የጓደኛችንን ነጥብ ጎዳውና ፕሪፓራቶሪ አልደረሳትም። አልቅሰናል። እሷ ግን በዚያው ሰሞን መንግሥት 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለጤና ኤክስቴንሽን ይመለምል ስለነበር ተመዝግባ አንድ ዓመት ሠልጥና ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች፤ ሊድሯት ወደነበረበት ቀበሌ፣ ደሞዝ ያላት የመንግሥት ሠራተኛ ሆና። ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ ታስተምራለች። ባሏን ራሷ መርጣ ያገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ 11ኛ ክፍል የጀመርኩት ሀገሩ ሁሉ አዲሱን ሚሊኒየም ሲቀበል ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ስለነዚያ ዓመታት የምለው ብዙ የለኝም። ሌክቸር አዳራሽ ውስጥ እጄን ሳወጣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ያ ዘመን አሁን የለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። የዛሬ ተማሪ ፕላዝማ ስለው የሳሎን ቴሌቪዥን ነው የሚመስለው። ነጭ ጋዝ ገዝቶ በኩራዝ የሚያጠና ልጅም ብዙ አላይም፤ ይህን በደስታ ነው የምለው።

ባለፈው ለዚያችው የሒሳብ ጓደኛዬ ስደውል ያ ጊዜ ይናፍቀኛል አልኳት። ቆጣ አለች። «እኔን አይናፍቀኝም። ራታችንን ሳንበላ ያደርንበትን ረሳሽው? እግሬ በውርጭ ተሰነጣጥቆ ደም ሲፈስ?» አለችኝ። አልረሳሁትም። የሚናፍቀኝ እጦቱ አይደለም፤ ሦስት ልጆች አልገባኝም ለማለት የማያፍሩባትን ክፍል ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ይህን ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ልጇ 9ኛ ክፍል መሆን ነበረባት፤ ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሳ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የእነሱም አንዱ ነው። «እኛ ሳጥኑን ጠላን፤ የእኔ ልጅ እኮ ሳጥኑንም አላገኘች» አለችኝ።

ከሥራ ስትገባ እሷው ታስተምራታለች፤ ከእኛ ዘመን የቀሩትን ደብተሮች አውጥታ። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ልጅቷ ያልገባትን በስልክ ትልክልኛለች፣ እኔም ማታ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ እመልሳለሁ። እንደ እናቷ ሒሳብ ላይ ስለታም ናት፤ መልሱን ብቻ ብልክላት አትቀበለኝም፣ ከየት እንደመጣ ትጠይቀኛለች። ሰሞኑን የላከችው የፊዚክስ ጥያቄ ግን ለእኔም አልገባኝም። ነገ ቢሮ ስገባ የሥራ ባልደረባዬን እጠይቃለሁ።