ከታንኳ ላይ የሳልነው ሐምራዊ አበባ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጣና ስትሄዱ ለማስታወሻ የምትተማመኑት በስልካችሁ ካሜራ ይሆናል። እኔና የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ አንዲት የውሃ ቀለም ሳጥን፣ ሁለት ብሩሽና ጣውላ ላይ የተለጠፈ ወፍራም ወረቀት ይዘን ሄድን።

የባለቤቴ ቤተሰቦች የአንበሳሜ ሰዎች ናቸው። ከአንበሳሜ በሐሙሲት በኩል ወጥታችሁ ወደ ወረታ ስትጓዙ የጉማራን ድልድይ ትሻገሩና የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ በጥቅምት የሩዝ ማሳ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የአገሩን መልክ ለውጦታል። ልጄ በመኪናው መስኮት እያየች «እማዬ፣ ይሄ አረንጓዴ ነው ቢጫ?» አለችኝ። «ስትስይው ታውቂዋለሽ» አልኳት።

ሐይቁ ዳር አንድ ሸምገል ያሉ ባለታንኳ አገኘን። የጣና ታንኳ ደንገል እየታሰረ የሚሠራ ነው፤ እሳቸውም በቀርከሃ ዘንግ ቀስ እያሉ ይቀዝፉታል።

መሞከር ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። ደንገል ውሃ ይመጣል፤ ስለዚህ ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ተቀመጡ፣ ልትስሉ ብላችሁም አትቁሙ። ለልጅም ለራሳችሁም የመንሳፈፊያ ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ። ጉማሬ አለ ወይ ብላችሁ ባለታንኳውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በማለዳ ውጡ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ታንኳ አንድ ቦታ ስለማይቆም ዝርዝር አታሳድዱ፤ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ የዳሩን መስመር፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩን ያዙ። ቀለሙን የምታቀጥኑበት ውሃ እጃችሁን ስትዘረጉ ታገኙታላችሁ።

ትንሽ እንደተጓዝን ውሃው ጠፋ። በፊታችን አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ በላዩ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል።

«ሲያምር!» አለች ልጄ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ታንኳው እዚያው ጥግ ያዘልንና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልን። ልጄ ሐምራዊውን ለማግኘት ቀዩን ከሰማያዊው አሥር ጊዜ ቀላቀለች። ሲያልቅ ለባለታንኳው አሳየቻቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ። «ለእኛ ግን ይሄ አበባ አያምረንም። እምቦጭ ነው እኮ።»

እንዴት እንዳፈርኩ ልነግራችሁ አልችልም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስሙን በዜና መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ደስ ብሎኝ ነበር። እምቦጩ ፊቴ ሲቆም ግን አላወቅሁትም። እሳቸው መረባቸውን እንዴት ጠልፎ እንደሚያስቀር፣ ታንኳ እንዴት እንደማያሳልፍ፣ ከብት የሚጠጣበትን ዳር እንዴት እንደሚዘጋ በእርጋታ ነገሩን።

ልጄ ወረቀቱን ልትቀደው ያዘች። «ተይ!» አሉ ሽማግሌው። «ያየሽውን ነው የሳልሽው። ይልቅ እነዚያንም ጨምሪያቸው» ብለው በዘንጋቸው ወደ ዳሩ አመለከቱ። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ የቆሙ ገበሬዎች አረሙን በእጃቸው እየነቀሉ ይጎትታሉ። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበሩ። ሁለታችንም አላየናቸውም።

ልጄ ብሩሿን ጥቁሩ ውስጥ ነክራ ሦስት ጎንበስ ያሉ ሰዎች ጨመረች።

ስዕሉ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። በስልክ ብናነሳው ኖሮ የሚያምር አበባ ይዘን እንመለስ ነበር፤ ማንም ምንም ሳይነግረን። እንግዳ መጥቶ «ውይ፣ አበባው ሲያምር!» ሲል ልጄ ካለችበት ትነሳለች።

«ጠጋ ብለው ይዩት» ትላለች።